የደጋ ቅጠል፣ የቆላ ሎሚ

አዲስ አበባ፣ አንድ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተቀምጠናል። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ቤቱ ጾም ነው። ባለቤቱ ሰፊ ነጭ ሳህን አምጥታ መሃል ላይ አኖረች። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ጠባብ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ላዩ ላይ በስሱ የተቆራረጠ ብርቱካን ተደርድሮበታል፤ ዘይትና ሎሚ ጠብ ጠብ ተደርጎበታል። «ሩኮላ ነው፤ ትንሽ ያቃጥላል» አለችን። ሹካዬን ሳላነሳ ሽታው ቀደመኝ።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ቅጠሉ በጣት ሲሰበር ይወጣና በአፍንጫ ገብቶ ዓይን ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ የሎሚ ልጣጭ ጠረን ይደርስና ያረጋጋዋል። ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ምግቡ በርትቶብኝ መስሎት ውሃ ቀዳልኝ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ነሐሴ ነው፤ መካነ ሰላም ነኝ፤ እናቴ ከጓሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የገባችው የፌጦ ቡቃያ ጤዛው ሳይደርቅ መደቡ ላይ ተዘርግቷል።

መካነ ሰላምን ለማያውቅ ሰው አገሩን ልንገረው። ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ጉጉፍቱን ወጥቶ፣ ካቤን አልፎ፣ የለጋምቦን ብርድ እየቀዘፈ አቀስታ ይደርሳል፤ ከዚያም ገና ብዙ ይቀራል። በልጅነቴ መንገዱ ጠጠር ነበር። አውቶብሱ ውስጥ ሴቶች ሎሚ በመዳፋቸው ጨብጠው በየኩርባው ያሸቱ ነበር፣ ሆድ እንዳያገለብጥ። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በአካባቢው የደንቆሮ ጫካ አለ፤ አስታውና ጅብራው፣ ጭላዳው የሚገኝበት፣ ኋላ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው። ወደ ምዕራብ ሲሉ ደግሞ መሬቱ በድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ቆሞ ለሚመለከት፣ ከእግሩ ሥር እርከን በእርከን እየወረደ ዓባይ በረሃ ይገባል፤ ማዶ ጎጃም ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ አወራረድ ቁጥር ሰጥተውታል፦ ከ3,200 ሜትር በላይ ውርጭ፣ ከዚያ በታች እስከ 2,300 ደጋ፣ ከዚያ እስከ 1,500 ወይና ደጋ፣ ከ1,500 በታች ቆላ። ለእኛ ቤት ግን ቁጥሩ አያስፈልግም ነበር። ሎሚ ከየት እንደሚመጣና ፌጦ የት እንደሚዘራ ማወቅ ይበቃ ነበር። እናቴ አጥር ጥግ የሎሚ ችግኝ ተክላ ታውቃለች። ክረምቱን ለመለመና ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ። «ሎሚ ቆለኛ ነው፣ እኛ ቤት አያድርም» ብላ ነቀለችውና ቦታውን ለነጭ ሽንኩርት ሰጠችው።

ፌጦ ግን ብርዱን ይችላል። ገበሬው በጤፍ ማሳው ዳር ጥቂት ይበትናል፤ የሚፈልገው ዘሩን ነው። ቀይ፣ ደቃቅ፣ ውሃ ሲነካው የሚያሟልጭ ዘር። እናቴ ግን ለቅጠሉም ትዘራው ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጎመኑ መደብ ጎን አንድ ጠባብ መስመር ትቆፍርና እፍኝ ዘር አጥብቃ ትበትናለች። ዘሩ በሁለት በሦስት ቀን ይፈነዳል፤ ፍልሰታ ሲገባ ጣት ያክል ቆሟል። መሳሳት አለበትና የሚነቀለው ወደ ቤት ይገባል።

ፍልሰታ በእኛ አገር የልጆችም ጾም ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ልጆች ሁሉ ይቆርባሉ፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ አፋችን እህል አይነካም። ከቤተ ክርስቲያን በጭቃው ተንሸራተን፣ ጥለታችን ረጥቦ፣ ጥርሳችን በብርድ እየተንቀጫቀጨ ስንመለስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ያ ነበር። የእንጨት ጭስ፣ የተቀደደ የፌጦ ቅጠል፣ የተፋቀ ሎሚ። እስካሁን ድረስ ርሃብ ሲሰማኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የወጥ ሽታ አይደለም።

ሎሚው እንዴት እንደሚደርሰን ሳስብ አንዲት ሴት ትታየኛለች። ከቆላው የሚመጡት ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ የእናቴ ደንበኛ ግን አንዷ ናት። በገበያ ቀን ዋዜማ፣ ሌሊት ተነስታ ዳገቱን ትያያዘዋለች። ሎሚው በስልቻ ጀርባዋ ላይ ነው። አህያ ያላቸው በአህያ ይጭናሉ፤ እሷ አህያ አልነበራትም። ገበያ ከመውጣቷ በፊት በእኛ ደጅ ታልፋለች። እግሯ በቀይ አፈር ተለውሶ፣ የቆላ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቷ በደጋው ብርድ ቀልቶ፣ ስልቻውን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አሳርፋ «እንዴት ከረማችሁ፣ እታለም?» ትላለች። እናቴ ሳትቀመጥ እንዳትሄድ ክንዷን ይዛ ታስገባታለች። ቡና ሳይፈላ፣ ቆሎ ሳይቀርብ፣ ሎሚ የሚባል ነገር አይነሳም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ስሰማ የማስበው ያንን ጀርባ ነው። ስልቻው ውስጥ ከሃምሳ በላይ ሎሚ ነበር፤ ዳገቱንም ብቻዋን ነበር የወጣችው።

ገንዘብ በመሃላቸው ብዙም አልነበረም። ሎሚ በፌጦ ነበር የሚለወጠው። በቆላው ሰው ዘንድ የፌጦ ዘር ታላቅ ነገር ነው፤ ለንዳድ ይበጃል፣ ሆድ ያጸዳል ተብሎ ይታመናል። ደቆ በውሃ ተበጥብጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይጠጣል። ወባን እንደማይፈውስ ዛሬ እናውቃለን። ያኔ ግን ጤና ጣቢያው ከበረሃው ሩቅ ነበርና እናት ለልጇ ያላትን ትሰጣለች። እናቴ ስኒውን ከምር አድርጋ ትሰፍራለች፤ ሴትየዋ ሎሚውን ሃያ ቆጥራ አንድ ምራቂ ትጨምራለች። አንዳንዴም ስልቻው ሥር የተደበቀ ትርንጎ ይወጣል። የዚያን ቀን ቤቱ በዓል ነው።

ትርንጎን ዛሬ የከተማ ልጅ ሁሉ አያውቀውም። ከሎሚ በብዙ እጥፍ ይገዝፋል፤ ቆዳው ወጣ ገባ ነው፤ ውስጡ ጭማቂ እምብዛም የለውም። የሚበላው ወፍራም ነጩ ልጣጩ ነው። እናቴ በስሱ ትቀርፈውና በጨው ታሸዋለች። ከፌጦው ጋር ሲገናኝ ነጩ ለስላሳነቱን፣ ቅጠሉ ማቃጠሉን ይዘው ጥርስ ሥር ይተዋወቃሉ። ኋላ ብዙ ምግብ ቀምሻለሁ፤ በእውነት የሚተካው አላገኘሁም።

አሠራሩን እንደማስታውሰው ልጻፈው፣ እንዳይጠፋ። የፌጦ ቡቃያው ሥሩ ተቆርጦ ይታጠባል፤ በቢላ አይከተፍም፣ በእጅ ይቀደዳል። ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና በጨው ይታሻል፣ ውሃው ይወጣል። ቃሪያ ፍሬው ተራግፎ ይሰነጠቃል። የጎመኑ ለጋ ቀንበጥ ካለ እሱም ጥሬውን ይገባል፤ የጎመን ዘር ቅጠል ጥሬ ሲሆን ያቃጥላል፣ አገዳው ተልጦ ሲበላ ግን ይጣፍጣል፤ እኛ ልጆች ለአገዳው እንጣላ ነበር። ትንሽ የኑግ ዘይት። ከዚያ ሁሉም ጎድጓዳው ጣባ ውስጥ ተቀላቅሎ ጥቂት ይቆያል። ሎሚው መጨረሻ ነው። ከእኛ አንዳችን ተጣድፈን ልንጨምቅ ስንል እጃችንን መታ ታደርግ ነበር። «ቀድሞ ከገባ ያስተኛዋል! ይንቃ መጀመሪያ።»

ለሰናፍጭም ያው ሕግ ነበር። ዘሩ በድንጋይ ወፍጮ ደቆ በቀዝቃዛ ውሃ ይለወስና ይከደናል። ክዳኑን የሚያነሳ ሰው ፊቱን ያዞራል። እሱ ሲነቃ ነው ወደ አዚፋው የሚገባው፤ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ በመጨረሻ ሎሚ። እሳት ያየ ሰናፍጭ ግን ልቡ ይጠፋል።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ትምህርት ቤት ሆኜ፣ የእናቴ ሕግ ምክንያት እንዳለው ተማርኩ። በሰናፍጩም በፌጦውም ውስጥ የሚያቃጥለው ነገር ቅጠሉ ሳይነካ የለም። ሁለት ነገሮች በየክፍላቸው ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ድኝ ያለበት ውሁድ፣ ሌላው ኢንዛይም ነው። ቅጠሉ ሲቀደድ፣ ዘሩ ሲደቅቅና ውሃ ሲያገኝ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ አፍንጫ የሚበሳው ዘይት ይወለዳል። እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ለዚህ ነው የበሰለ ጎመን የማያቃጥለው። የሎሚ ኮምጣጣነት ደግሞ ሥራውን ያዳክመዋል። እናቴ ኢንዛይም የሚባል ቃል ሳትሰማ ኖራለች፤ ጊዜውን ግን በእጇ ታውቀው ነበር። ይህን የተማርኩ ቀን ከመምህሩ ይልቅ ለእሷ ያለኝ ክብር ጨመረ።

ጣባው ተዘጋጅቶ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሳህን በአጥር ላይ ያልፋል። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። ፍልሰታን አይጾሙም፤ ፌጦውን ግን እንደኛው ይጠብቁታል። የቤቱ እመቤት «ቢስሚላህ» ብላ እዚያው አጥሩ ሥር ቆማ በጣቷ ትቀምስና «ሎሚ ጎድሎታል» ትላለች፤ እናቴ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ሎሚ አንድም ቀን ጎድሎት አያውቅማ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የእነሱ ሾርባ በዚያው አጥር ይመጣል፣ የሎሚ ፍንካች ከዳር ተቀምጦ። ወሎ ውስጥ ሥጋው የየራሳችን ነበር፤ የእነሱን አንበላም፣ የእኛን አይበሉም። ሰርግና ለቅሶ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል። ቅጠሉ፣ ምስሩ፣ ሎሚው ግን ማንም «የማነው?» ብሎ አይጠይቅበትም። ስለ ወሎ መቻቻል ብዙ ይጻፋል፤ እኔ ስጠየቅ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ በአጥር የሚያልፍ አረንጓዴ ሳህን ነው።

ትዝታ ሲበዛ ዘመኑ ሁሉ የጥጋብ ይመስላል። አልነበረም። ነሐሴ አሮጌው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወር ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ጎመን የችግር ምግብ ነው፣ ሰው ከእሱ ለመገላገል ይጸልያል። የእኛ ቤት ፌጦም ቢሆን ግማሹ ምክንያቱ ጎተራው መጉደሉ ነበር። እናቴ ይህን አልነገረችንም። እንጀራው ገብስ የበዛበት፣ ስስና ጥቂት መሆኑን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ጣባውን በቅጠል ሞልታ፣ በሎሚ አጣፍጣ ስታቀርበው ምግቡ ብዙ ይመስል ነበር።

ከእኔ በፊት የነበረው ትውልድ ደግሞ የባሰውን አይቷል። 1966ንና 1977ን ወሎ የሚረሳቸው አይደሉም። አያቴ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ስለ ሞቱት አታወራም፤ ስለ ዳፍንት ታወራለች። ፀሐይ ስትገባ ልጆቹ ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዱ እንደነበር። ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ አረንጓዴ ቅጠል ይከላከለዋል። ሎሚ ደግሞ በቫይታሚን ሲው የጤፉንና የቅጠሉን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ድዳቸው እየደማ የታመሙ 12 መርከበኞችን ወስዶ የተለያየ መድኃኒት ሲሞክር፣ ፈጥነው የተነሱት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። ይህን ሳነብ ጀርባዋ ላይ ስልቻ ያዘለችው ሴት ትዝ አለችኝ። እሷ የምታመጣልን ጣዕም ብቻ መስሎን ነበር።

ፌጦን የሚያውቁት እኛ ብቻ አይደለንም። ግሪካዊው ዜኖፎን የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ የፋርስ ልጆች ከቤታቸው ዳቦ፣ ማባያው ደግሞ ፌጦ እየያዙ ትምህርት ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ሕንዶች ዘሩን ለአራስ ያበላሉ። እንግሊዝ አገር ልጆች በረጠበ ጥጥ ላይ አብቅለው ቅጠሉን በዳቦ መሃል ይበሉታል። ሩሲያዊው የሰብል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችንን ዞሮ አይቷል፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የጎመን ዘራችንን ነገር ደግሞ ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል፦ ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ከሆነ ተክል መዳቀል የተገኘ ነው። አሁን ዘይቱ አውሮፕላን ያበርራል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከእሱ በተሠራ ነዳጅ በረረ። ደስ ይለኛል፤ ቅር ይለኛልም። ዓለም ዘሩን እንዲህ ሲያከብረው እኛ ቅጠሉን ጥሬውን መብላት ትተናል።

ባለፈው ጊዜ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ መንገዱ ተለውጧል፣ ከተማዋም ተለውጣለች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ ነው። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች መንገዱን ሞልተውታል። ምሳ ቤቶቹ በዝተዋል፤ በያይነቱ ስታዝ ከዳር ሰላጣ ይቀመጥልሃል፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር። ይህ መልካም ነው፤ በልጅነቴ ምሳ ቤት ገብቶ ቅጠል የሚያዝ ሰው አልነበረም። ግን የበላሁት ሰላጣ በመኪና ብዙ ተጉዞ የደረሰ፣ ጫፉ የጠወለገ ነው። ሎሚውን አስመጣሁ፤ ቆዳው ደርቆ ጠንክሯል፣ ስጨምቀው ጥቂት ጠብታ ሰጠኝ። «ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት አስተናጋጁን። «ከደሴ ነው የሚጫነው፤ ደሴ ከየት እንደሚመጣላት አላውቅም፣ ጋሼ» አለኝ።

ገበያውን ዞርኩት። ሎሚ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በመደብ በመደብ ተቀምጧል፤ የሚሸጡት የከተማ ልጆች ናቸው። በስልቻ የመጣ አላየሁም። ፌጦን የት ባገኘው ጥሩ ነው? ከጥቁር አዝሙዱ፣ ከጤና አዳሙ፣ ከቀበሪቾው ጎን። በስኒ ይሸጣል፣ ለመድኃኒት። ሻጯን «ቅጠሉስ ይበላል?» አልኳት። አስተዋለችኝና «ለምን ይበላል? ዘሩ ነው እንጂ መድኃኒቱ» አለችኝ። ወጣት ናት፤ አልፈረድኩባትም። በአንድ ትውልድ ውስጥ ምግቡ ከገበታ ወጥቶ የመድኃኒት መደብ ላይ ተሰቅሏል።

የወሎ ሎሚና ብርቱካንም በሰላም አልኖረም። በምሥራቅ በኩል፣ በመርሳና በሐይቅ ዙሪያ የነበሩትን የብርቱካን አትክልቶች የሚያውቅ ሰው ያዝናል። ቅጠልና ፍሬ ላይ ክብ ነጠብጣብ የሚያወጣ፣ ፍሬውን ሳይበስል የሚያረግፍ የፈንገስ በሽታ መታቸው። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ. በአንጎላና በሞዛምቢክ ነው፤ ወደ እኛ ደርሶ ወሎን ክፉኛ ጎዳው። ነጭ ብናኝ የለበሰች ዝንብ መሳይ ተባይም ተጨመረችበት። ዛፍ የደረቀበት ገበሬ ማሽላ ዘራ፣ ወይም ሌላ ነገር ተከለ። ይህ የምግብ ጣዕም ጉዳይ ብቻ መስሎ ከሚታየው ሰው ጋር አልስማማም። አንድ የብርቱካን ዛፍ ለአንድ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ደብተርና የክረምት ጨው ነበር።

እህቴ መካነ ሰላም ነው የምትኖረው፤ የእናታችንን ቤት የያዘችው እሷ ናት። ጓሮው ጠቧል፤ ግማሹ ላይ ተማሪዎች የሚከራዩት ክፍል ተሠርቶበታል። ጎመኑ ግን አለ። «እታለም፣ ፌጦ ለቅጠል መዝራት ለምን ተውሽ?» አልኳት። «ለማን ልዝራው? ልጆቹ ያቃጥላል ይላሉ። ደግሞ ሎሚ አንዱ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። በጾም ቀን ማካሮኒ መሥራት ይቀላል። ከቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዕድሩ እየተሯሯጠች፣ በዚያ ላይ ቡቃያ መልቀም እንደሚያደክም አውቃለሁ። እናታችን ያንን ሁሉ የሠራችው ጊዜ ስለነበራት አልነበረም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። ይህን ሳልዘነጋ ነው የምናፍቀው።

ከአፋፉ ላይ ወደ ዓባይ የሚወርደውን የድሮ መንገድ ለማየት ሄድኩ። እግረኛ ቀንሶበታል፤ ቁጥቋጦ ገብቶበታል። ከአፋፉ አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት አለች። ወሬ ስንጀምር የቆላ ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። እናቷ ሎሚ ይዛ ደጋ ትወጣ እንደነበር ስትነግረኝ ልቤ ተመታ። ያችው ሴት ትሆን? ስሟን አላስታውስም ነበር፤ ለእኛ «እታለም» ብቻ ነበረች። የእሷ እናት አርፋለች። «ዛፎቹስ?» አልኩ።

«ከወንዙ ዳር ያሉት አሉ» አለችኝ። «በሽታ የነካው አለ፣ ያልነካው አለ። ፍሬው ይረግፋል። ማን ተሸክሞ ይወጣል? ልጆቹ ከተማ ገቡ። አህያ ያለውም ከሰል ነው የሚጭን።»

ቢያንስ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የመጣ ደረቅ ሎሚ በልቼ ነው ወደዚያ የሄድኩት። እዚያው ሥር፣ በግማሽ ቀን ዳገት ርቀት፣ ጭማቂ የሞላው ሎሚ መሬት ላይ ይበሰብሳል። በጣም ተናደድኩ። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላገኘሁም። ዳገቱን በጀርባዋ ትውጣ ብዬ በማንም ሴት ልጅ ላይ አልፈርድም፤ የእናቷ ወገብ ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ግን አሁን እስከ አፋፉ ድረስ ባጃጅ ይመጣል። ከወንዙ እስከ አፋፉ ሁለት አህያ ቢገኝ፣ የቀረውን መኪና ይጨርሰዋል። አንድ ሰው ሊያስበው ይገባል፤ የግብርና ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲው ሊሆን ይችላል። ከበሽታ የተረፉትን ዛፎች ዘር መርጦ ማዳቀል፣ ወይና ደጋው እርከን ላይ መትከል ከባድ ሳይንስ አይደለም። የተዳቀለ ሎሚ በጥቂት ዓመት ፍሬ ይሰጣል።

ለጊዜው ያሰብኩት ከዚያ ያነሰ ነው። ስልኬን አውጥቼ እህቴ ጋር ደወልኩና ሴትየዋን አገናኘኋቸው። ሰላምታው ብቻ የሻይ ብርጭቆዬን እስክጨርስ ወሰደ፤ የከብት፣ የልጅ፣ የዝናብ ጤና ተጠየቀ። ከዚያ ሴትየዋ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነቅል ወደ እኔ ዞረች።

«እናቶቻችን በስንት ነበር የሚለዋወጡት?»

«አንድ ስኒ ፌጦ በሃያ ሎሚ፤ ምራቂ አንድ» አልኳት።

ለእህቴ ነገረቻት። የእህቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ያ ድሮ ነው! አሁን ፌጦ ተወድዷል፤ ሠላሳ ካላደረግሽልኝ አይሆንም።» ሴትየዋ ሳቀች፤ «ሠላሳማ አይሆንም እታለም፣ ዳገቱን ማን ይከፍለኛል?» አለች። ሃያ አምስት ላይ ሊስማሙ ጥቂት ሲቀራቸው ትርንጎም እንደምታመጣ ተናገረች፤ ዋጋው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ።